የላቦራቶሪው ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ነቀምቴ ላይ ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር ካስተማሩት መካከል አንዲት ሴት ነበረች። አስቴር ገኖ ትባላለች። በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ ነፃ ወጥታ፣ ምፅዋ አጠገብ በነበረው የእምኩሉ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ 500 ያህል ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አኖረች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለፍጻሜ አበቃች። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመልሰው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ አስቴር የነቀምቴ መምህር ሆነች።

ከዚያ ወዲህ 120 ዓመት ተቆጥሯል። ዛሬ ነቀምቴ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት፤ በየአስፋልቱ ዳር ሰሌዳ የሰቀሉ የግል ኮሌጆችም አሏት። ጊምቢና ሻምቡ የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላቸው፤ ደምቢ ዶሎም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ በእነዚህ ተቋማት የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ክፍሎች ውስጥ የአስቴር የልጅ ልጆች የት አሉ? ከገቡት ስንቶቹ ተመረቁ? ከተመረቁትስ ስንቶቹ ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ?

ብዝኃነት የሚለው ቃል በዚህ አገር ብዙ ተደክሞበታል። ሲሰማ ትዝ የሚለው የባህል ልብስ፣ ጭፈራና የኅዳር በዓል ነው። እዚህ ላይ ግን የተፈለገው ሌላ ነገር ነው። በሳይንስ ክፍል ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ? በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ቆመ? ከነጆ ገጠር የመጣች ልጅ አለች? ከአጎራባቹ ካማሺ የመጣ የጉሙዝ ልጅ አለ? ከጎጃም ወይም ከወሎ ተመድቦ የመጣ አለ? ዓይኑ የማያይ አለ? ካሉስ፣ ከመግቢያው ዓመት አልፈው እስከ ምርቃት ይቆያሉ ወይ? ብዝኃነት በሳይንስ ትምህርት ውስጥ የሚለካው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

አገሪቱ ባለፉት ሃያ ዓመታት በር በመክፈት በኩል የሠራችው ሥራ ትንሽ አይደለም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ከዚያም አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲከተል፣ ለአንድ የቄለም ወለጋ ገበሬ ልጁን ከፍተኛ ትምህርት ማስገባት የማይታሰብ ነገር መሆኑ ቀረ። ለሴት ተማሪዎች የመግቢያ ድጋፍ ተሰጠ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ ይማር የሚለው ፖሊሲም ለዓመታት ተሠራበት። በሩ ተከፍቷል። ችግሩ ያለው ከበሩ በኋላ ባለው ሁለተኛ በር ላይ ነው። እሱም የላቦራቶሪው በር ነው።

ቁጥሮቹን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ሲፈተኑ፣ የተፈተኑት 896,520 ነበሩ። ከእነዚህ የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 339,642 ሲሆኑ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች ግን 556,878 ነበሩ። ልብ በሉ፦ 70 ለ 30 የተባለባት አገር ውስጥ ከ10 ተፈታኞች 6ቱ ሳይንስን ጥለው ወጥተዋል። ይህ የሆነው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይደርሱ ነው። ለምን? ልጆቹ ሳይንስ ስለማይወዱ አይደለም። ብዙዎቹ የሙከራ ቱቦ በሥዕል እንጂ በዓይናቸው ሳያዩ 10ኛ ክፍልን የጨረሱ ናቸው። በቃል የተሸመደደ ኬሚስትሪ ማንንም ያስፈራል።

ውጤቱ ደግሞ የታወቀ ነው። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች ሁሉ ሰነፎች ናቸው የሚል ካለ፣ ስለ ልጆቹ ያወራ ይመስለዋል እንጂ የሚያወራው ስለ ትምህርት ቤቶቹ ነው።

ወለጋ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። ባለፉት ዓመታት በአራቱም የወለጋ ዞኖች በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የከረሙባቸው፣ መምህራን የሸሹባቸው፣ ቤተሰብ የተፈናቀለባቸው ወረዳዎች አሉ። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። የአዲስ አበባ ተማሪ በስልኩ ቪዲዮ ከፍቶ የኒውተንን ሕግ ሲከልስ፣ የደምቢ ዶሎ ተማሪ እናቱ ጋ እንኳ መደወል አይችልም ነበር። ከዚያ ሁለቱም አንድ ፈተና ፊት ይቀመጣሉ።

ስለ ደምቢ ዶሎ ሲነሳ የሚታለፍ የማይገባው ጉዳይ አለ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ የታገቱት፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ የአማራ ክልል ተማሪዎች ጉዳይ ነው። መንግሥት ተለቀዋል ሲል፣ ቤተሰቦች ልጆቻችንን አላገኘንም አሉ። የእነዚያ እናቶች ለቅሶ በቴሌቪዥን የታየው በመላ አገሪቱ ነው። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ክልል ያለ ወላጅ ሴት ልጁ ሩቅ ስትመደብ የሚያስበው ስለ ትምህርት ክፍሏ መሆኑ ቀርቷል። ትደርሳለች ወይ? ትመለሳለች ወይ? ይህን ነው የሚያስበው። ስለዚህ ስለ ብዝኃነት የሚነገር ነገር ሁሉ ከመንገድ ደኅንነት ካልጀመረ ባዶ ወሬ ነው። ይህ ደግሞ ከኮሌጅ ዲን አቅም በላይ ነው፤ የመንግሥትና መሣሪያ ያነሱ ወገኖች ሁሉ ዕዳ ነው። ሆኖም ሰላሙ እስኪመጣ ድረስ ኮሌጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። በእጃቸው ያለ ሥራ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ንቆ ማለፍ አይገባም። «ሳይንስ ወንድና ሴት፣ ገጠርና ከተማ አያውቅም። የበቃ ይግባ፣ ያልበቃ ይቅር። መስፈርት ዝቅ እያደረጋችሁ ዶክተርና ኢንጂነር ብታወጡ ድልድይ ይፈርሳል፣ ሕመምተኛ ይሞታል» የሚል ነው። የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። በኮታ ስም ስንት ነገር ሲበላሽ ያዩ ናቸው።

ግን መልሱ በራሱ በመንግሥት አሠራር ውስጥ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው ለወንዱም ለሴቷም፣ ለቦሌውም ለቤጊውም አንድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ግን 17.2 በመቶ ብቻ አለፉ። እንግዲህ መውጫው ላይ መስፈርቱ ለማንም ዝቅ አላለም። ክርክሩ ስለ መስፈርት መሆኑ አብቅቷል። አሁን የቀረው ጥያቄ፣ ኮሌጁ የተቀበለውን ተማሪ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ባሉት ዓመታት ምን አደረገለት የሚል ነው። ተቀብሎ ክፍያ ሰብስቦ ወይም በጀት አስመድቦ፣ መጨረሻ ላይ «አልበቃችሁም» ብሎ መሸኘት ብዝኃነት አይባልም። ስሙ ሌላ ነው።

በመካከል ባሉት ዓመታት የሚሆነውን በየትንንሽ ኮሌጁ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ላቦራቶሪው አለ። ዕቃው በሣጥን እንደታሸገ መጋዘን ውስጥ አለ። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው፤ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው። ወይ ኬሚካሉ አልቋል፣ ወይ ውኃ የለም፣ ወይ መብራት ጠፍቷል። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኑ ቢሮ ሥራ ላይ ተመድቧል። በመጨረሻ መምህሩ ሙከራውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ያደርገዋል»፤ ተማሪው ውጤቱን ይገለብጣል። ሙከራ ተደረገ ተብሎ ነጥብ ይሰጣል።

በዚህ የሚጎዳው ሁሉም እኩል አይደለም። አባቱ መሐንዲስ የሆነ፣ ከጥሩ የግል ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ያንን ሙከራ ሌላ ቦታ አይቶታል። ከገጠር የመጣችው ልጅ ግን ያ ላቦራቶሪ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ዕድል ነበር። ጥቂት መሣሪያ ኖሮ ሙከራው ሲሠራ እንኳ አሥር ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ይሰበሰባል። ወንዶቹ ይነካሉ፤ ሴቶቹ ይጽፋሉ። ማንም አትንኪ አላላትም፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጸሐፊ ሆና ትመረቃለች። ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ እንድታስተምር ትመደባለች። እሷም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ታስተምራለች። ቀጣዩ ትውልድም ሳይንስን ይሸሻል። እነዚያ 556,878 ልጆች ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ ካለ፣ አንዱ መንገዳቸው ይሄ ነው።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ጉዳይ ከሌላው የሚብሰው ለዚህ ነው። የነቀምቴ፣ የሻምቡና የደምቢ ዶሎ የመምህራን ኮሌጆች የሚያወጡት እያንዳንዱ የሳይንስ መምህር በየዓመቱ ስንት ልጅ ፊት እንደሚቆም ይታሰብ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይንቲስት ያወጡ ይሆናል። ሳይንቲስት ሊሆን የሚችለውን ልጅ ገና በ12 ዓመቱ የሚያገኙት ግን እነዚህ መምህራን ናቸው።

ትንሽ ኮሌጅ ትልቅ ሳይንቲስት አያወጣም የሚል ካለ ደግሞ የአገሩን ታሪክ ይይ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ወሎንኮሚ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የተወለዱት እዚያ፣ በሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረው አለማያ ኮሌጅ ገቡ። በኋላ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ ደግሞ ጎጃም ፍኖተ ሰላም ተወልደው፣ ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው እዚያው አለማያ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን እንዲመሩ ተሾሙ፤ በማግሥቱ ዓመት የሎሬያልና ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀበሉ። ሁለቱም የወጡት ከዋና ከተማው ርቆ፣ ገጠር ውስጥ ከተቋቋመ የእርሻ ኮሌጅ ነው። የዚያ ኮሌጅ ምስጢር ሕንፃው አልነበረም። ተማሪው እርሻ ላይ ወርዶ በእጁ እየሠራ መማሩ ነበር። የገበሬ ልጅ እዚያ ሲገባ የሚያውቀው ነገር ዕውቀት ሆኖ ተቆጠረለት።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ብዝኃነት ለድሃ የሚደረግ ችሮታ ተደርጎ ይወራል። ግን ሳይንሱ ራሱ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ሥር በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ከዚያ የተነሳው ምርምር ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጩ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። እነዚያ ልብስ አጣቢ ሴቶች እንዶድን ለዘመናት ያውቁታል። ከእነሱ ልጆች አንዷ ቀደም ብላ ኬሚስትሪ ብትማር ኖሮ ግኝቱ ስንት ዓመት ይቀድም ነበር?

ወለጋም የራሱ እንዶድ አለው። በብዙ ወረዳዎች መሬቱ አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያ ይከፍላል፣ ምርቱ ግን አይመጣም፤ አፈሩ በኖራ መታከም አለበት። በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ለዓመታት የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያብጥበት፣ ዝሆኔ የሚባለው ፖዶኮኒዮሲስ በምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ቤት ገብቷል። ቡናው በዓለም ገበያ «ለቀምት» በሚል የነቀምቴ ስም ይሸጣል። ዩብዶ ላይ ፕላቲኒየም አለ። ፊንጫ ላይ ግድቡና የስኳር ፋብሪካው አሉ። ገበሬው «ቢኤች 660» እያለ የሚዘራው በቆሎ ስሙን ያገኘው በነቀምቴ መንገድ ላይ ካለችው ባኮ ነው፤ «የባኮ ድቅል» ማለት ነው። ይህ ሁሉ ያለበት አገር ልጅ ኬሚስትሪን ከፎቶ ኮፒ ማስታወሻ ብቻ ሲማር፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ይሄ ነው። የአባቷን ማሳ አፈር በፌስታል ይዛ መጥታ አሲዳማነቱን በራሷ እጅ የለካች ልጅ፣ ፒኤች ምን እንደሆነ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ለዚህ የሚያስፈልገው የሚሊዮን ብር ማሽን አይደለም። የመለኪያ ወረቀት፣ የተጣራ ውኃ፣ ጥቂት ብርጭቆና የተከፈተ በር ይበቃል።

ከሌላው ዓለምም የሚቀዳ ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትሪዝማን የተባለ የሒሳብ መምህር፣ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ መረመረ። ያገኘው ስንፍናም የዕውቀት ማነስም አልነበረም። ቻይናውያን ተማሪዎች ክፍል ሲያልቅ አብረው ተቀምጠው እየተራረሙ ያጠናሉ፤ ጥቁሮቹ ግን እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ይታገላሉ። እሱም ማካካሻ ትምህርት አላዘጋጀም። ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን ሰጥቶ በቡድን እንዲፈቱ አደረገ፤ ውጤታቸው ተለወጠ። ሜሪላንድ ውስጥም በዚያን ጊዜ ገና ስም ያላወጣ አንድ የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ማየርሆፍ የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ። ሐሳቡ ጥቁር ተማሪዎችን ቀደም ብሎ ላቦራቶሪ ማስገባት፣ በቡድን ማስጠናት፣ ብዙ መጠበቅና አለመተው ነው። በኮቪድ ክትባት ምርምር ስሟ የታወቀው ዶ/ር ኪዝሜኪያ ኮርቤት የዚያ ፍሬ ናት።

«ይሄማ አንድ ለአምስት ነው፣ ሞክረነው ከሽፏል» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ አንድ ለአምስት ከሽፏል። የከሸፈው ግን አብሮ ማጥናት ስለማይረዳ አልነበረም። ከላይ የተጫነ፣ ሪፖርት የሚጻፍበት፣ ከፖለቲካ አደረጃጀት ጋር የተደባለቀ ስለነበር ነው። ደቦ ግን ሌላ ነው። ደቦን ካድሬ አልፈጠረውም። በአማርኛም በኦሮምኛም ስሙ ያው ነው፤ የአንዱን ማሳ ሁሉም ወጥቶ ያርማል፣ ነገ ደግሞ የሌላውን። የካልኩለስ ደቦ ቢኖር የሚያስቸግር ነገር የለውም።

ቋንቋውም አለ። የኦሮሚያ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ይማርና 9ኛ ክፍል ላይ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይዘላል። ኮሌጅ ሲደርስ መምህሩ ሕጉን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ትንተናውን ግን በሚቀለው ቋንቋ ይናገራል። ትንተናው በአማርኛ ከሆነ የገጠሯ ኦሮሞ ልጅ ትቀራለች። በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ከጎጃም ወይም ከካማሺ የመጣው ይቀራል። ሁለቱም ያልተረዱትን ለመጠየቅ ይፈራሉ፤ ጠያቂው የሚታወቀው በጥያቄው ብቻ ሳይሆን በአነጋገሩም ነውና። ይህን በፖለቲካ ጭቅጭቅ ለመፍታት መሞከር የትም አያደርስም። ለእያንዳንዱ ኮርስ የዋና ዋና ቃላት ዝርዝር በእንግሊዝኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቶ በመጀመሪያው ሳምንት ቢታደል ግን ብዙ ይቀላል። ከ120 ዓመት በፊት አስቴርና ኦነሲሞስ የሠሩት ከዚህ የከበደ ነበር፤ ያውም ያለ ኮምፒውተር።

ዓይነ ስውራንን በተመለከተ ዝምታው ይብሳል። በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን ያጣው የደምቢ ዶሎው ቄስ ጊዳዳ ሶለን በዘመኑ ሰባኪም የማኅበረሰብ መሪም ነበር፤ ልጁ ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ የአገር ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ባኮ ላይ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ግን ከዚያ የወጣ ልጅ ሒሳብ ወይም ኬሚስትሪ ልማር ቢል የሚሰማው መልስ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው፦ «ለአንተ ሕግ ወይም ታሪክ ይሻልሃል»። ማንም ቁጭ ብሎ ላቦራቶሪው እንዴት ይስተካከልለት ብሎ አልጠየቀም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሚኒስቴሩን ወይም ለጋሽ ድርጅትን ሳይጠብቅ አንድ ትንሽ ኮሌጅ በመጪው መስከረም ሊጀምራቸው የሚችሉ አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን ይለጥፍ። በእያንዳንዱ የሳይንስ ክፍል ስንት ሴት፣ ስንት የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ስንት ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ስንት አካል ጉዳተኛ ገባ? ሁለተኛ ዓመት ስንቱ ደረሰ? የመውጫ ፈተናውን ስንቱ አለፈ? የማንም ስም ሳይጠራ ቁጥሩ ብቻ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይውጣ። ያልተቆጠረ ሰው ሲጠፋ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በገባ በወሩ በእጁ ሙከራ ይሥራ። የላቦራቶሪው ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ አይሁን። ክፍት ሰዓቱ በቀንና በቅዳሜ ይሁን፤ ማታ ብቻ ከሆነ ግቢ ውጭ ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ አትመጣም። በቡድን ሥራ ላይ የሚነካውና የሚጽፈው በየሳምንቱ ይቀያየር። ይህች ትንሽ ደንብ ምንም አታስወጣም።

ሦስተኛ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ደቦ ይጀመር። ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያሉ ጎበዝ ተማሪዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ትንሽ አበል እየተከፈላቸው ይምሩት። የሚሰጠው ጥያቄ ከክፍሉ የከበደ ይሁን እንጂ የቀለለ አይሁን። ደካማ ተብለው የተለዩ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ መግባት የሚፈልግ የለም።

አራተኛ፣ የሦስት ቋንቋ የቃላት ዝርዝሩ ይዘጋጅ፤ የሙከራ ሥራዎቹም ከወለጋ አፈር፣ ቡና፣ ውኃና በቆሎ ይነሱ።

አምስተኛ፣ የሴት ላቦራቶሪ ረዳቶችና መምህራን ቅጥር ከመምህራን ኮሌጆች ይጀምር። አንዲት ልጅ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ፊዚክስ ስታስተምር ካላየች፣ ስለ እኩልነት የተለጠፈው ፖስተር ግድግዳ ከማሳመር አያልፍም።

እነዚህ አምስቱም በአንድ ትንሽ ኮሌጅ የሚቻሉት በትንሽነቱ ምክንያት ነው። አሥር ሺህ ተማሪ ባለበት ዩኒቨርሲቲ አንዲት ልጅ ሦስት ሳምንት ብትቀር ማንም ላያውቅ ይችላል። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ግን መምህሩ ስሟን ያውቃል፤ የመጣችበትን ቀበሌ ያውቃል፤ ለምን እንደቀረች ቢጠይቅ በማግሥቱ ይደርስበታል። ትንንሾቹ ኮሌጆች ትልልቆቹን ለመምሰል ሲሉ ይህን ጸጋቸውን ባያባክኑት ጥሩ ነው።

በመጪው መስከረም የወለጋ ኮሌጆች አዲስ ተማሪ ይመዘግባሉ። ከተመዝጋቢዎቹ መካከል የአባቷን ማሳ ለምን ምርት እንደራቀው ማወቅ የምትፈልግ አንዲት ልጅ መኖሯ አይቀርም። መታወቂያ ይሰጣታል፣ ዶርም ይሰጣታል፣ የትምህርት ክፍል ይሰጣታል። ኮሌጁ ሊመልሰው የሚገባው የቀረ ጥያቄ አንድ ነው፤ የላቦራቶሪው ቁልፍ ማን ጋ ነው?